የፊልም ጭራ

ዛሬ ዛሬ ሰው ፎቶ ሲነሳ ይስቃል። ልብ ብላችኋል? ጥርሱን የሚያመው እንኳ ይስቃል። እኔ እስካሁን አልለመድኩትም። በእኛ ጊዜ ካሜራ ፊት መሳቅ ዳኛ ፊት ቆሞ እንደ መሳቅ ነበር። ፎቶ ቁም ነገር ነው። ሰው ታጥቦ፣ ተቀባብቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚቆምበት ነገር ነው።

ይህን ያነሳሁት ዝም ብዬ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ዓይን አፋር ሰው ደግሞ ነገሩን ከሩቅ ነው የሚጀምረው፤ ታገሱኝ። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ኋላ ለወለድኳቸው ልጆችም ያልነገርኩት ነው። ኃጢአት ሆኖ አይደለም። ኃጢአት ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ ስም አለው።

አምቦ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። የምደባ ደብዳቤዬ «ሀገረ ሕይወት» ይላል። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ሄጄ የሀገረ ሕይወት መኪና የቱ ነው ብዬ ብጠይቅ ረዳቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ እንደዚህ የሚባል አገር የለም አለኝ። ሌላው ምናልባት ወደ ሐረርጌ ይሆናል አለ። የአምቦ መኪና እዚያው አጠገቤ ሞልቶ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። አንድ ሽማግሌ ዘግየት ብለው አምቦና ሀገረ ሕይወት አንድ አገር መሆናቸውን ነገሩኝ። ሌላ የአምቦ መኪና መኖሩን ግን ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ። በማግስቱ ሄድኩ። የምታጫውታችሁ ሴት እንግዲህ እንዲህ ያለች ናት።

የተከራየሁት ክፍል በጋሽ ሸምሱ ግቢ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ኋላ ጨርቁን ትቶ ፎቶ ቤት ከፈተ። ፎቶ ቤቱ ወደ ጉደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው፤ የእኔ ክፍል ከኋላው። ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚል ከትምህርት ቤት ስመለስ የደንበኞቹን ስም ፖስታ ላይ እጽፍለት ነበር። በዚያው ለመድኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ ሰው ሲነሳ አያለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ሕግ ነበረው። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ከዚህ ከጎደለ ፎቶ አይባልም። ሕጉን ያወጣው ደግሞ ተቸግሮ ነው። አንድ ከእንጭኒ የመጣ ገበሬ ፎቶውን ሊቀበል ሲመጣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም። ሰውየው አልተቆጣም። ፎቶውን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ፤ እግሩ እዚያ ይኖር ይሆን ብሎ ነው መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያን ቀን እዚህ ቤት የገባሁት በእግሬ ነው ወይስ ተሸክመውኝ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሸምሱ እንደገና በነጻ አነሳው። ከዚያ ወዲያ ማንንም ሲያነሳ ጆሮና ጫማ ሳይቆጥር የካሜራውን ቁልፍ አይጫንም።

እኔን የለከፈኝ ግን ከጌዶ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየው የከብት ነጋዴ ነው። ሁለቱም እንደተተከለ ምሰሶ ቆሙ። ዓይናቸው አይርገበገብም። ጋሽ ሸምሱ ተጫነና አለቀ አላቸው። ያን ጊዜ ሴትየዋ እፎይ አለች፣ ወደ ባሏ ዞረች፣ ከጸጉሩ ላይ አንዲት ጭድ አነሳችለት። ያ ግዙፍ ሰው ጭንቅላቱን እንደ ሕፃን ዝቅ አደረገላት።

እኔ ጭድ ሲለቀም አይቼ አላውቅም? አይቻለሁ። ግን ያን ቀን ደነገጥኩ። ፎቶው ይሄኛው ነበር። የቆሙበት ሳይሆን የተፈቱበት። ሲወጡ ጋሽ ሸምሱን፣ አለቀ ካልካቸው በኋላ ለምን አታነሳቸውም ብዬ ጠየቅሁት። በሐዘኔታ አየኝ። ጭድ ያለበት ፎቶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ሰው አለ ወይ አለኝ።

አሁን ወደ ጭራው ልምጣ።

የያኔው ፊልም ጥቅል ነው፤ ካላለቀ አይታጠብም። ደንበኛ ደግሞ ይቸኩላል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ ነገ ካላደረሰ ቀበሌው ይቆጣዋል። ከጥቅሉ ጫፍ ሁለት ሦስት ያልተነሳ ሲቀር ጋሽ ሸምሱ ጭራ ይለዋል። በፊት መጋረጃውን ራሱን ፎቶ እያነሳ ይጨርሰው ነበር። እኔ ከመጣሁ በኋላ ካሜራውን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ቲቸር ጭራውን ጨርሽልኝ ይልና ወደ ጨለማው ክፍል ይገባል። በቃ። የእኔ ፎቶ አንሺነት የተጀመረው በትራፊ ነው።

ግን ማንን ላንሳ? ሰው ጠርቼ ወደዚህ እዩ ማለት ለእኔ መሞት ነው። ስለዚህ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ፣ በመጋረጃው ተከልዬ፣ መንገዱን አነሳለሁ። የበሩ መቃን እንደ ሥዕል ክፈፍ ሆነልኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጉደር በኩል ዝቅ ብላ ስትመጣ የሰው ጥላ አስፋልቱ ላይ ይረዝማል። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። የጥቅሉ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ሁሉ ቢኖረኝ ኖሮ ዝም ብዬ እተኩስ ነበር። ያለኝ ሁለት ነው። ሁለት ያላት ሰው ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ደግሞ ታያለች።

ምን አየሁ መሰላችሁ? የሚሄድ ሰው ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ካልተዉለት ግድግዳ ሊገጭ እንደሆነ ይመስላል። ሁለት ሰዎች ከተጨባበጡ በኋላ ሳይሆን እጃቸው ሊገናኝ አንድ ጣት ሲቀረው ነው ነገሩ። ያዘነ ሰው ከፊቱ ይልቅ ከትከሻው ይታወቃል። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ አለፈች፤ ጃንጥላውን የዘረጋችው ግን ራሷ ላይ አልነበረም፣ አህያዋ ላይ ለተጫነው ጨው ነው። እሷ እስክትጨመቅ በስብሳለች፤ ጨውና አህያ እንደ ሙሽራ ተከልለው ይሄዳሉ። አነሳኋት። ያን ቀን እራቴን የበላሁት እየሳቅሁ ነው።

አንድ ጊዜ ልያዝ ነበር። የአብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቦ ሲያልፍ ካሜራዬን አየና መጣ። በዚያ ጊዜ መንገድ ፎቶ ማንሳት እንዴት እንደሚተረጎም የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ምን እያደረግሽ ነው አለኝ። ፊልም እየጨረስኩ ነው አልኩት። አሰበ። ከዚያ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ቆቡን አቃና፣ ሁለት ጆሮውን እኩል አድርጎ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አነሳሁት። ፎቶውን ሊወስድ የመጣው ከደንበኞቹ ሁሉ ቀድሞ ነው።

ጋሽ ሸምሱ የእኔን ጭራ በትርፍ ወረቀት አትሞ ምንም ሳይል ፖስታዎቹ መሐል ያስቀምጥልኛል። እኔ ደግሞ ትራሴን ተርትሬ ከጥጡ መሐል እከታቸዋለሁ። ሌላ የት ላድርጋቸው? የጋሽ ሸምሱ ሚስት ክፍሌን ትጠርግልኝ ነበር። እንዲህ የአምቦን ሕዝብ እኩሌታ ተንተርሼ ዓመታት ተኛሁ።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የጋሪ ማቆሚያ ነበር። ኦቦ ደቻሳ የሚባል ባለጋሪ እዚያ አይጠፋም። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ነው፤ የጋሪው ፈረስ ዳማ ትባላለች። ኦቦ ደቻሳ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ያወራል። ተሳፋሪ ሲያጣ ለዳማ ያወራል። ሲስቅ ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው፤ ባርኔጣው ይወድቅና እያነሳ እንደገና ይስቃል። ስንገናኝ አከም ጅርታ ይለኛል፣ ደህና ነሽ ማለቱ ነው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ፈያ እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

በአንድ ክረምት ታመመ ተባለ። ሳይከርም ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ አዴ ሌንሴ ሕፃን አዝላ ፎቶ ቤት መጣች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት። የመጣችው ለባሏ ፎቶ ነው። አንድም የላትም። የገበሬ ማኅበር ሰው ስለሆነ እንደ ከተሜው መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ እንኳ አልተነሳም። እሷ ግን ተስፋ ነበራት። ያን ሁሉ ዓመት ከፎቶ ቤት ፊት ለፊት የቆመ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይነሳ አይቀርም ብላ ነው። ጋሽ ሸምሱ አንገቱን ደፋ። እሷም ሕፃኑን ወደ ፊት አዙራ፣ ይሄ አባቱን በምን ያውቀዋል አለችው። ትልልቆቹ እንኳ ከአሁኑ መልኩ ላይ መከራከር ጀምረዋል አለች፤ አንዱ ጢም ነበረው ይላል፣ አንዷ የለውም ትላለች።

እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ጋሽ ሸምሱ ወደ መጋረጃው አየ። ቶሎ ደግሞ ዓይኑን መለሰ። ነጋቲቮቹን አገላብጬ አያለሁ፣ ቅዳሜ ለገበያ ስትወጪ ብቅ በይ አላት።

ስትሄድ ወደ ክፍሌ መጣ። አልገባም። ደጃፉ ላይ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ቆሞ ተናገረ። ጭራው የአንቺ ነው፣ እኔ አጥባለሁ እንጂ አላይም አለ። ከዚያ፣ ልጁ ገና ጡት አልተወም ብሎ ሄደ።

አሁን ፍረዱኝ። ያላገባች አስተማሪ። የሰው ባል። ያውም ትራስ ውስጥ። አምቦ ላይ ይሄ ከተሰማ የጉደር አውቶቡስ ሳይነሳ ጉደር ይደርሳል። ተማሪዎቼ ምን ይላሉ? ዳይሬክተሩስ? እሷስ ራሷ፣ ባሏን የቀበረች ሴት?

ትራሴን ዘረገፍኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያነሳሁት መንገዱን ነው ብዬ አምን ነበር። ስደረድራቸው ግን መንገዱ የእሱ ነበር። እዚህ ባርኔጣው፣ እዚያ ክርኑ፣ ጨው የጫነችው አህያ ጀርባ እንኳ የጋሪው ጎማ አለ። ፊት ለፊቴ ስለሚቆም ነው ብል ያስኬዳል። ግን ፎቶዎቹ እንደዚያ አይሉም። ካሜራው ወደ ሌላ ሰው ዞሮ እንኳ እሱን ከጠርዙ አይለቀውም።

ወደድሽው ወይ ካላችሁኝ፣ አላውቅም። የማውቀው ጋሽ ሸምሱ ጭራውን ጨርሽልኝ ሲለኝ ልቤ ደስ ይለው እንደነበር ነው። ያን የመሰለ ደስታ ከዚያ በኋላ ብዙ አላገኘሁም። በቃ፣ ይኸው ተናገርኩት።

ቅዳሜ መጣች። አንዱን ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ የሚስቅበትን። ስለ ፎቶው ልንገራችሁ፣ ማፈሬን ለትንሽ ጊዜ ልተወውና። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ኦቦ ደቻሳ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሏል፣ ባርኔጣው ገና አየር ላይ ነው፣ ዳማ ሁለት ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራለች፤ የሁለቱ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተያይዞ እስከ ፎቶው ጫፍ ይሄዳል። ስሰጣት በልቤ ትስመዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔንም ትመርቀኛለች ብዬ ነበር።

አየችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«የራስ ቅባት ይሸታል» አለች።

ትራሴ አሳበቀብኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀጥላ፣ ኤኙቱ ካሴ ብላ ጠየቀች፤ ማነው ያነሳው ማለቷ ነው። ጋሽ ሸምሱ እኔ ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ቀደምኩት። እኔ ነኝ አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ጎልቶ መውጣቱ ራሴን አስደነገጠኝ።

ቀና ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምን ብለሽው ነው እንዲህ የሳቀው?»

እኔ ምንም አላልኩትም፣ እዚህ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ፣ ያን ጊዜ የሚያጫውተው ዳማን ነው አልኳት። እውነቴን ነው። ግን እውነት ስናገር የዋሸሁ የምመስል ሴት ነኝ። ፎቶውን እንደገና አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለጋሽ ሸምሱ ነው የምትናገረው፣ ለእኔ አይደለም። ይሄ ሰው ቤት አይስቅም ነበር አለች። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ሳቁን ለተሳፋሪ ጨርሶ ነው የሚመጣው። እግሩን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ልጆቹን አንድ ጊዜ ዳበስ አድርጎ ይተኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር አለች። ይሄን ሳቂታ ሰውዬ ግን ልጆቹ ቢያዩት ማነው ይሉኛል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ባርሲስቱ፣ ያልሳቀበት የለሽም?»

አስተማሪዋ ብላ ከጠራችኝ በኋላ ምን ልደብቅ? ሄጄ ትራሱን እንዳለ ይዤ መጣሁ። ትራስ ታቅፌ ስገባ ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ፈለገ፤ ከለከለችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ሕፃኑ ጥጡን ይበላል፣ እሷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ባሏ ያለባቸውን ወደ አንድ ጎን፣ የሌለባቸውን ወደ ሌላ ጎን ታደርጋለች። እሱ ያለባቸው ሲከመሩ ሦስታችንም እናያለን።

በመጨረሻ አንዱ ላይ ጣቷ ቆመ።

የተበላሸው ነው። ዝናብ ነበር፣ ዘግይቼ ተጫንኩ፣ መሐሉን የመብራት እንጨት ይዞታል። ኦቦ ደቻሳ ጠርዙ ላይ ነው። ጆንያ ራሱ ላይ አድርጎ፣ ልጓሙን ይዞ፣ ወደ ታች ያያል። ከፊቱ ፎቶው ላይ የወጣው እኩሌታው ብቻ ነው። ጆሮው አንድ ነው። እንዳታትመው ብዬው ጋሽ ሸምሱ ወረቀት ስለተረፈው ነው ያተመው።

«ይሄ ነው» አለች። «ቤቴ የሚገባው ይሄ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ሳላየው ያልዋልኩት ሰው እንዲህ እንደሚደክመው አላውቅም ነበር። ሳቁን ስጠብቅ፣ ሳቁ ሲያልቅ ፊቴን አዞር ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ሸምሱ እንባዋ እስኪቆም ጠበቀ፤ ከዚያ ሙያው አላስችል አለው። የጎደለውን ጆሮ በብሩሽ ልሥልልሽ እችላለሁ አላት። አይሆንም አለች። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ አለች። የሚስቅበትን ፎቶ ደግሞ በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። አንቺ ያዥው አለችኝ። እኔ ከሰቀልኩት ልጁ አድጎ ምን አስቆት ነው ይለኛል፤ ምን እመልስለታለሁ? አለች።

ያዝኩት። አሁንም አለኝ። ትራስ ውስጥ ግን አይደለም።

ለተዝካሩ ጠራችን። ጋሽ ሸምሱ ያን የተበላሸ ፎቶ አጉልቶ፣ በመስታወት አድርጎ፣ ያለ ክፍያ ወስዶላታል። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የመብራት እንጨቱ ከኦቦ ደቻሳ በልጦ ይታያል። በሕይወቴ ሥራዬ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየሁት ያን ቀን ነው። እንግዶቹ ደግሞ ከገቡበት ጀምሮ ፎቶውን ሲያሙ ዋሉ። አንዱ ሽማግሌ ባለጋሪ፣ ጆሮው የት ሄደ አለ። ሌላው ከሚሮጥ መኪና ላይ የተነሳ ነው አለ። አንዲት ሴት የኛን ደቻሳ ማነው እንዲህ ያበላሸው፣ ለእንጨቱ ነው ለእሱ ነው የተነሳው ብላ በቁጣ ጠየቀች። አንዱ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ግቢ የምትኖረው አስተማሪ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ አለና ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። የሌሎቹም ዓይን ተከተለ። እኔ ጥግ ላይ እንጀራዬን ይዤ ደረቅሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ ይገባኛል። እሷ ደግሞ ምን አግብቷት አነሳችው?

አዴ ሌንሴ ጠላ እየቀዳች ነበር። ማሰሮዋን አላቆመችም።

«ያነሳችው ልጅ ዓይን አፋር ናት» አለች። «ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ለዚህ ነው ጆሮው የቀረው።»

ቤቱ በአንድ ድምፅ እህ አለ። ያ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥታ የነበረችው ሴት እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ በዚህ ዘመን ከየት ትገኛለች ብላ መረቀችኝ። ሌሎቹም አሜን አሉ። እኔ አንገቴን እንጀራው ውስጥ ልቀብር ምንም አልቀረኝም፤ እነሱ ይሄንንም ለጨዋነቴ ቆጠሩልኝ።

ከዚያ አዴ ሌንሴ እኔ ጋ ደረሰች። ጠላ እንደማልጠጣ ቅድም ነግሬያታለሁ። ብርጭቆዬን እስኪፈስ ሞላችውና የሸፈነችልኝን ዋጋ እንደምትቀበል ሰው ከፊቴ ሳትሄድ ቆመች።

ጨረስኩት።